ከጅሬን ሰገነት ላይ የሚታየው

(በሬዲዮ ከተነገሩት የታሪክ ንግግሮች አንዱ)

በመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ወደ ጅማ የሚላክ ሰው የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የጊቤን ቆላ ወርዶ ይወጣል፤ ጅማ ሲደርስ ማረፊያውን ይይዛል። በማግሥቱ መዝገቡን ይመረምራል፤ ስብሰባውን ይካፈላል፤ ደብዳቤውን ይፈርማል፤ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ቡናውን ይጠጣል፤ በመጨረሻም ለቤተ ሰቡ ጥቂት ኪሎ ቡናና አንድ የጅማ በርጩማ ገዝቶ ይመለሳል። «ጅማን አየሃትን?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎን፣ አይቻታለሁ» ብሎ ይመልሳል። ዳሩ ግን ጅማን አየሁ ለማለት የሚቻለው፣ ከከተማይቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሞ የተመለከተ እንደ ሆነ ነው። ያ ኮረብታ ጅሬን ይባላል።

ጅሬን ከከተማው መካከል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ከፍተኛ ቦታ ነው። በላዩም የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ዋናው ቤት በእንጨት የተሠራ፣ ባለ ፎቅና ባለ ሰገነት ነው። ዛሬ ስለዚህ ቤት ልናገር የተነሣሁት የእንጨቱን ማማርና የንጉሡን ክብር ለማውሳት ብቻ አይደለም። በዚያ ከፍታ ላይ የቆመ ገዥ ምን ያይ ነበር? ያየውንስ እንዴት ተረጎመው? ሳያየው፣ ወይም ለማየት ሳይፈልግ የቀረውስ ነገር ምንድን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን አብረን እንውጣ። አባቶች «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» እንዳሉት፣ ከፍታ ብቻውን ሰውን አስተዋይ አያደርገውም።

በከፍታ ላይ መመልከቻ መሥራት የጅማ ብቻ ልማድ አይደለም። በጎንደር ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ በአናቱ ላይ አራት ማዕዘን መጠበቂያ አለው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚያ ላይ የጣና ሐይቅ ይታያል ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በመጀመሪያ በእንጦጦ ራስ ላይ ከተሙ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ «እንቁላል ቤት» የተባለውን ከፍ ያለ ክፍል ጨመሩበት፤ በዚያ ሆነው ከተማቸውን በመነጽር ይመለከቱ እንደ ነበር ይነገራል። ወደ ውጭ አገርም ብንሻገር፣ የጄኖቫ ነጋዴዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1348 በቁስጥንጥንያ ወደብ ትይዩ ከፍ ያለ ግንብ አቁመዋል፤ ያ ግንብ በኋለኛው ዘመን የከተማይቱን የእሳት ቃጠሎ ለመጠባበቅ አገልግሏል። እንግዲህ መመልከቻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጠላትን፣ አንዱ መርከብን፣ አንዱ እሳትን ይጠብቃል። የጅሬኑ ሰገነት የሚጠብቀው ምን እንደ ነበር ለመረዳት፣ አስቀድሞ የአገሩን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ይገባል።

ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው፣ ማለት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ከጊቤ ወንዝ ማዶ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተነሥተው ነበር፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የእነዚህን ስሞች ቡና የሚነግድ ሰው ሁሉ ዛሬም ያውቃቸዋል። የአጋሮ ከተማ ያለችው በጎማ ነው፤ ሊሙ ስሙን ለቡናው ሰጥቷል፤ ጌራም በጫካ ቡናው የታወቀ ነው። የዛሬዎቹ የቡና ከተሞች የቆሙት በትናንቶቹ መንግሥታት ምድር ላይ ነው ማለት ነው።

ጅማን አንድ መንግሥት ያደረጓት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። በ1822 ዓ.ም. ገደማ ነገሡ፤ እስልምናንም ተቀበሉ። ከእርሳቸው በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል በየተራቸው ነገሡ። በ1870 ዓ.ም. ገደማ አባ ጎሞል ሲሞቱ ልጃቸው ገና በአፍላ ወጣትነታቸው ዙፋኑን ያዙ። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ በአገሩ ልማድ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ነበርና። የተወለዱበት ስም ግን ቱሉ ነው። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው ስለ ጅሬን ባይሆንም፣ የሰውየው ስምና የቤታቸው ቦታ መገጣጠሙ ደስ ያሰኛል። ቁመታቸውም ከሌላው ሰው እጅግ የበለጠ እንደ ነበር የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ፤ ይህም በጊቤ ማዶ ነገሥታት ዘንድ ሌላ ወደር የሌለው ዘመን ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። ጅማ የድንጋይ አገር አይደለችም፤ የዛፍ አገር ናት። ስለዚህ ጎንደር በድንጋይና በኖራ የተናገረችውን ጅማ በእንጨት ተናገረችው። ምሰሶው፣ ወለሉ፣ ደረጃው፣ የሰገነቱ ከለላ ሁሉ እንጨት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ የሚያውቅ ሰው፣ የዚህ አገር ሕዝብ ከእንጨት ጋር ያለውን ወዳጅነት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የጅሬን ቤት የዚያው ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው። በግቢው አጠገብ መስጊድ አለ። ንጉሡ ከታች ያለውን ጨዋታና ትግል ከላይ ከሰገነቱ ሆነው ይመለከቱ እንደ ነበር ይተረካል። ብዙዎቹ የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ግን አሁን ያሉት በጅማ ሙዚየም ስለ ሆነ፣ ጅሬን የወጣ ሰው ሙዚየሙንም ሳያይ መመለስ የለበትም። ቤቱ ያለ ዕቃው፣ ዕቃውም ያለ ቤቱ ግማሽ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሰገነቱ ወጥተን እንመልከት።

በመጀመሪያ ከዚህ የሚታየው ሰፊው የጅማ ሜዳ ነው፤ ከሜዳውም ዳርቻ ኮረብቶች ይከቡታል። በመንግሥቱ ዘመን በዚህ አገር ዳር ድንበር ላይ ቦይ ተቆፍሮ፣ ከቦዩም ውጭ ማንም የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ተትቶ ነበር፤ ይህን ባዶ መሬት «ሞጋ» ይሉታል። ወደ አገሩ የሚገባውና ከአገሩ የሚወጣው መንገድ ሁሉ በኬላ ያልፋል። የኬላው ሹም መንገደኛውን ይጠይቃል፤ ነጋዴውን ቀረጥ ያስከፍላል፤ የሸሸውን ይይዛል። አገሩም 60 ያህል ግዛት ሆኖ ተከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ ይሾምበት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሹመት ርስት ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሳይሆን፣ ንጉሡ የሚሰጠውና ሲፈልግም የሚነሣው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ጅማ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ፣ ይህን መንግሥት ከሌሎች የሚለየው ዋነኛ ነገር የሹመቱ ሥርዓት መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ከሰገነቱ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ሥርዓት ነው። ንጉሡ በዐይናቸው ኬላውን ሁሉ ባያዩም፣ በሹሞቻቸው ዐይን ያዩት ነበር። ከፍ ያለ ቤት ያለ ታማኝ ሹም ዕውር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታየው ገበያው ነው። ከኮረብታው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ሂርማታ የተባለው ገበያ ነበር። በየሐሙሱ ከየአቅጣጫው በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰብበት ነበር፤ በዘመኑ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ ታላቁ እርሱ ነው። ከከፋ፣ ከጌራ፣ ከኩሎና ከሊሙ የመጣ ዕቃ እዚህ ይገናኛል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ቡና። ሲራራ ነጋዴው ዕቃውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ጊቤን ይሻገራል፤ ዓባይንም ተሻግሮ በጎጃም የባሶ ገበያ ያራግፋል፤ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይደርሳል። ከምጽዋ የመጣው ጨርቅና ዶቃ፣ ማርትሬዛውም ብር በዚያው መንገድ ወደ ሂርማታ ይመለሳል። ንጉሡ ይህን ገበያ ከቤታቸው እየተመለከቱ ይጠብቁት ነበር፤ ነጋዴውን የዘረፈ ይቀጣል፤ ነጋዴዎችም የራሳቸው አለቃ ነበራቸው። ምክንያቱም ገበያው ሰላም ካጣ ነጋዴው በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ነጋዴው በሌላ መንገድ ከሄደ ኬላው ቀረጥ ያጣል፤ ኬላው ቀረጥ ካጣ ሹሙም ወታደሩም ደመወዙን ያጣል። ይህን የነገር ሰንሰለት የሒሳብ ክፍል ሹም የሆነ አንባቢ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ስለዚህ ከላይ ያነሣነው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ የጅሬን ሰገነት ከጦር ሜዳ ይልቅ የገበያ መጠበቂያ ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ ያለው ነገር በዐይን የሚታይ አይደለም፤ ከአድማስ ማዶ ያለ ነውና። በወጣቱ ንጉሥ ዘመን ከጊቤ ወዲህ ሁለት ኀይሎች የጊቤን ማዶ አገር ይሻሙ ነበር፤ አንዱ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ሁለተኛው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ምኒልክ ድል አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጊቤ ማዶ ዕጣ ወደ ሸዋ አዘነበለ። አባ ጅፋር በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ አስተዋይና ምክር ዐዋቂ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸውን ከጦርነት ይልቅ ስምምነትን እንዲመርጡ መከሩ ይባላል። ንጉሡም ገበሩ። በዚህም ምክንያት ጅማ በየዓመቱ ግብሯን እየላከች በገዛ ንጉሥዋና በገዛ ሥርዓትዋ እስከ 1924 ዓ.ም. ቆየች። በሌላው አገር እንደ ሆነው መሬቱ ለመልከኛ፣ ገበሬውም ለወታደር አልተከፋፈለም። በሌላ በኩል የጊቤ ጎረቤቶቿ መንግሥታት አንድ በአንድ ጠፉ፤ ኀያሉ የከፋ መንግሥትም በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ወደቀ።

ከዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እለምናለሁ። አገሩን ለመጠበቅ የተዋጋው ከፋ ሞኝ፣ የገበረችው ጅማ ብልህ ነበረች ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ነጻነትን የወደደ ሕዝብ ሊነቀፍ አይገባም። ደግሞም የጅማ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ሆኖ በወላይታና በከፋ ዘመቻዎች ላይ ተሰልፏል፤ ለጅማ ሰላም ጎረቤቷ ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው። የአባ ጅፋርን አስተዋይነት ስናደንቅ ይህንንም አብረን መቍጠር አለብን። ለማድነቅ ያህል የምንለው ይህ ነው፤ ንጉሡ ኀይላቸውን ከነበረው አላስበለጡም፤ የባላጋራቸውንም ኀይል ከነበረው አላሳነሱም። ይህ በገዥዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ማስተዋል ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ነገር ደርሰናል። ከገበያው ዕቃ መካከል አንዱን ሳልቈጥር አልፌዋለሁ፤ እርሱም ሰው ነው። ሂርማታ ባሪያ ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ በጦርነትና በአፈና የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ሜዳ ላይ ይሸጡ ነበር፤ ከዚያም ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ወደ ሰሜን ይነዱ ነበር። በቤተ መንግሥቱና በባላባቱ እርሻ ላይ የሚሠራውም ብዙው ባሪያ ነበር። ይህ የጅማ ብቻ ኀጢአት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የገዛውም፣ ያሻገረውም፣ ቀረጡን የተቀበለውም ከጊቤ ወዲህም ማዶም ያለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያን ንግድ ልታስቀር ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም የነጻነት ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ከሰገነቱ ላይ ይህ አይታይም ነበርን? በሚገባ ይታይ ነበር። ከሩቅ ሲታይ ግን ሰው የሚመስለው እንደ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ፊቱ አይለይም፤ ለቅሶው አይሰማም። የከፍታ አደጋው ይህ ነው። ከላይ ሆኖ ገበያውን አይቶ ስለ ብዛቱ የሚደሰት ሰው፣ ከብዛቱ ውስጥ አንዱን ነፍስ ሊያይ አይችልም። ጅሬን ላይ ወጥታችሁ ስለ ንጉሡ ብልህነት ስትሰሙ፣ ከታች ስማቸው ሳይጻፍ የቀረውንም አስቡ። ቤቱን ያቆሙት እጆች፣ እንጨቱን ከጫካ ያወረዱት ትከሻዎች የማን እንደ ነበሩ ጠይቁ። ታሪክን በክብር ማየት ማለት የሚያሳፍረውን ሸፍኖ ማየት አይደለም።

የመንግሥቱን ፍጻሜ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በእርጅናቸው ታመው ሥራ ለመሥራት ባልቻሉ ጊዜ፣ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆብር ተላለፈ። በ1924 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት የጅማን ራስን የቻለ አስተዳደር አስቀርቶ አገሩን በቀጥታ ያዘው። አምስት ዓመት ሳይሞላ የኢጣልያ ጦር መጣ። ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ጅማን ከያዙ በኋላ ከተማቸውን የሠሩት በኮረብታው ላይ አይደለም፤ ከታች በአዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ በሂርማታ ሜዳ ላይ ነው። መንገድ ዘረጉ፤ ቤት ሠሩ፤ ገበያውንም በቋንቋቸው «መርካቶ» አሉት፤ ፈረንጆቹ የሰፈሩበትም እስከ ዛሬ «ፈረንጅ አራዳ» እየተባለ ይጠራል። በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ከተማይቱ ከእጃቸው ወጣች፤ የሠሩት መንገድና ቤት ግን ቀረ። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ዛሬ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ያለች ከተማ ናት።

ይህን ከአዲስ አበባ ታሪክ ጋር ብታስተያዩት አንድ ነገር ታገኛላችሁ። በእንጦጦ ራስ ላይ ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ሰውን አስጨነቀ፤ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፤ በ1879 ዓ.ም. ከታች ያለችው ከተማ ስም አገኘች፤ እንጦጦም ዝም አለ። በጅማም እንዲሁ ሆነ። ኮረብታው ገበያውን ይጠብቀው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ገበያው ከተማ ሆነ፤ ኮረብታውም የከተማው መታሰቢያ ሆኖ ቀረ። መንግሥት ከፍታን ይወዳል፤ ሕዝብ ግን ውሃንና መንገድን ይከተላል። በመጨረሻ የሚረታውም ሕዝቡ የተከተለው ነው።

በዚያ ገበያ ይሸጡ ከነበሩት ዕቃዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ጅማን የሚያስጠራት የትኛው ነው? ዝባዱ ተረሳ፤ የዝሆን ጥርስ ከዝሆኑ ጋር ጠፋ፤ የሰው ንግድ፣ ምስጋና ይድረስና፣ ቀረ። በአባ ጅፋር መጀመሪያ ዘመን ከሌሎቹ ያነሰ ዋጋ የነበረው ቡና ግን የሁሉ ጌታ ሆነ። ምክንያቱ አያስቸግርም። ቡና ከባድ ነው፤ ዋጋው በክብደቱ ሲታይ ከወርቅና ከዝባድ ያነሰ ነው፤ በበቅሎ ጀርባ እስከ ምጽዋ ተጭኖ ሲደርስ ትርፉን ጉዞው ይበላዋል። ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰና የመኪና መንገድ ጊቤን ከተሻገረ በኋላ ግን፣ ያው ቡና በጥቂት ቀን ከወደብ ይደርስ ጀመር። አጋሮም ሊሙም ሰቃም ከገበያ ቦታነት ወደ ከተማነት ያደጉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በጅማ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከከተማው ወጣ ብሎ በመልኮ ያለው የምርምር ጣቢያም የቡናን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ለገበሬው ብዙ አገልግሏል። በቀድሞ ዘመን አገሩን የሚጠብቀው ኬላ ነበር፤ ዛሬ ቡናውን የሚጠብቀው ዕውቀት ነው።

አሁን ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ። ጅማ ዝናብ የበዛባት አገር ስለ ሆነች፣ በክረምት ሜዳው በጭጋግ ይሸፈናል። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ይጠራል፤ የቡና ለቀማውም በየመንደሩ የሚጧጧፈው ያን ጊዜ ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላ የሚሄድ ደግሞ የቡናው አበባ ነጭ ሆኖ ሲፈነዳ፣ ሽታውም አገሩን ሲሞላው ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ አቅጣጫውን እያወቃችሁ ተመልከቱ። ከታች ከተማው አለ። በሰሜን ምዕራብ በኩል መንገዱ ወደ አጋሮ ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ጌራ ይዘልቃል። በሰሜን ሊሙ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሰቃና ሸቤ አሉ፤ ከእነርሱ ማዶ ከፋና ቦንጋ ናቸው። በምሥራቅ በሰርቦና በአሰንዳቦ በኩል የመጣችሁበት መንገድ ወደ ጊቤ ይወርዳል። እነዚህን ስሞች በቢሮ ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ያያችኋቸው ናችሁ፤ አሁን ስሙን ከምድሩ ጋር ታገናኛላችሁ።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። መጽሐፍ የነገሥታቱን ዘመን ይነግራችኋል፤ ሽማግሌው ግን እያንዳንዱ ኮረብታ ማን ይባል እንደ ነበር፣ የትኛው መንገድ ወደ የትኛው ኬላ ይሄድ እንደ ነበር ይነግራችኋል። በመስጊዱ በኩል ስታልፉም የጸሎት ቦታ መሆኑን አስባችሁ በአክብሮት እለፉ።

አራተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። ቤቱን ጠብቁ። የድንጋይ ግንብ ሰው ቢረሳውም ብዙ ዘመን ይታገሣል፤ የእንጨት ቤት ግን አንድ ክረምት እንኳ ከተረሳ ይጎዳል። ጠላቶቹ ብዙ ናቸው፤ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ ዝናብ በተቀደደው ጣራ ገብቶ ያበሰብሰዋል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በቢላዋ ስሙን በምሰሶው ላይ የሚቀርጸው ጎብኚ ነው። ምስጥ ርቦት ይበላል፤ እርሱ ግን ምን ርቦት ነው? ደግሞም ጥገናውን ማዘዝ፣ በጀቱን መፍቀድ፣ ሥራውን መቈጣጠር የማን ሥራ ነው? የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ነው። አንድ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ሲያድር፣ በዚያው ሦስት ወር ዝናቡ አያድርም፤ ይዘንባል።

ክቡራን አንባብያን፤ የጅሬን ትምህርት ይህ ነው። ንጉሡ በከፍታቸው ላይ ሆነው ሩቁን አዩ፤ የሸዋን ኀይል መዘኑ፤ ገበያቸውን ጠበቁ፤ ሹሞቻቸውን በሥርዓት አሠሩ። በዚህ ይመሰገናሉ። ከእግራቸው ሥር በገበያው የሚሸጠውን ሰው ግን እንደ ዕቃ አዩት፤ በዚህ ዘመናቸውም እርሳቸውም ይጠየቃሉ። ከእኛም እያንዳንዱ፣ ማኅተም የያዘና ፊርማው የሚፈጽም ሁሉ፣ ትንሽ ሰገነት አለው። ከዚያ ላይ አውራጃው ቍጥር፣ ባለ ጉዳዩም መዝገብ ሆኖ ይታያል። ሩቁን ማየት መልካም ነው፤ ያለ እርሱ አገር አይመራም። ነገር ግን ከከፍታው ወርዶ የሰውን ፊት ማየት ያልለመደ ሹም፣ ኮረብታው ምንም ያህል ቢረዝም ያየው ነገር ጥቂት ነው።